ከኮርኒስ በላይ የሚባክነው ሙቀት፦ የተጎዳ ዳክት እንዴት ይጠገናል?

እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋር የሰነበተችው በጥር ነበር። ቤታችን ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ፎቅ ላይ ያለውን ሰፊ መኝታ ቤት ሰጠናት። ሂተሩ ቀኑን ሙሉ ይሠራል። ታች ሳሎን ልጆቹ በቲሸርት ይጫወታሉ። እሷ ግን ጋቢዋን ደርባ ቁጭ ብላለች። «ልጄ፣ ይሄ ክፍል ምን ነክቶት ነው? ከደጅ አይሻልም እኮ» አለችኝ። አየሩ በሚወጣበት ቀዳዳ ላይ እጄን ዘረጋሁ። የሕፃን ትንፋሽ የምታህል ለብ ያለች አየር ናት የምትወጣው።

ባለሙያ ጠራሁ። የመጣው ሰው ፈርነሱን፣ ማለትም ቤቱን የሚያሞቀውን ማሽን፣ አምስት ደቂቃ ያህል አየና «አርጅቷል፣ መቀየር አለበት» አለኝ። ዋጋውን ስሰማ ደነገጥኩ። ከመፈረሜ በፊት በሙያው ብዙ ዓመት ለቆዩ አንድ ሐበሻ ደወልኩላቸው። ጋሼ መጡና በቀጥታ ወደ አቲኩ፣ በኮርኒሱና በጣሪያው መሃል ወዳለው ቦታ፣ ወጡ። ብዙም አልቆዩም፣ «ና እስቲ፣ ይሄን እይ» ብለው ጠሩኝ። ወደ እናቴ ክፍል የሚሄደው ዳክት፣ ማለትም አየሩን የሚያደርሰው ቱቦ፣ ከመጋጠሚያው ወልቆ ተጋድሟል። ድሮ የተጠቀለለበት ግራጫ ፕላስተር ደርቆ ረግፏል። ብርዱን ሙሉ ጣሪያውን ስናሞቅ ነው የከረምነው።

ጥገናውን የተማርኩት ያን ቀን ከጋሼ ጎን ቆሜ ነው። ከዚያ ወዲህ የጥቂት ወዳጆቼን ቤት አብሬ ጠግኛለሁ። ይህን የምጽፈው አዲስ ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት ዳክታችሁን እንድታዩ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ኢነርጂ ስታር የተባለው ፕሮግራም እንደሚለው፣ በተለመደ ቤት በዳክት ከሚያልፈው አየር ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው በቀዳዳ፣ በስንጥቅና በላላ መጋጠሚያ ይባክናል። በወር በወሩ የምትከፍሉት የጋዝና የመብራት ቢል ውስጥ ይሄ አለበት።

የአየሩን መንገድ ማወቅ

አየሩ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ሰፕላይ ይባላል፤ የሞቀውን ወይም የቀዘቀዘውን አየር ከማሽኑ ወደየክፍሉ ያደርሳል። ሁለተኛው ሪተርን ነው፤ የክፍሉን አየር በፊልተር አሳልፎ ወደ ማሽኑ ይመልሳል። ቱቦው ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ከላሜራ ይሠራል። አቲክ ውስጥ ደግሞ ፍሌክስ የሚባለው ተጣጣፊው ይበዛል። ፍሌክስ ሦስት ንብርብር አለው፦ ከውስጥ በሽቦ የተደገፈ ስስ ቱቦ፣ መሃል ላይ የፋይበርግላስ ጥጥ፣ ከውጭ ብርማ ወይም ጥቁር የፕላስቲክ ሽፋን።

ሰፕላይ ሲቀደድ የከፈላችሁበትን አየር ታጣላችሁ። ሪተርን ሲቀደድ ግን ነገሩ ከገንዘብ ያልፋል። ሪተርን ወደ ውስጥ ስለሚስብ የአቲኩን አቧራ፣ ከቤቱ ሥር ያለውን እርጥብ አየር፣ ጋራዥ ውስጥ የቆመውን መኪና ጭስ ሳይቀር ይስባል። ፈርነሱና የውኃ ማሞቂያው በጋዝ የሚሠሩ ከሆኑና ሪተርኑ እዚያው አጠገባቸው ከተቀደደ፣ በጭስ ማውጫው መውጣት የነበረበትን ጭስ ወደ ቤት ሊመልሰው ይችላል። እዚያ ጭስ ውስጥ ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ። አይታይም፣ አይሸትም፣ ይገድላል። በየፎቁ ጠቋሚው ከሌላችሁ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ መጀመሪያ እሱን ግዙ።

ምልክቶቹ

አንድ ክፍል ብቻ አልሞቅ ወይም አልቀዘቅዝ ካለ፣ ጠርጥሩ። አቧራ ጠርጋችሁ በማግሥቱ ከተመለሰም እንደዚያው። ቢሉ ያለ ምክንያት ከጨመረም አንድ ምልክት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ምልክት አለ። በሐምሌ ሙቀት ኮርኒሱ ላይ ቡና የፈሰሰበት የመሰለ ቢጫ ክብ ይወጣል። ሰው ጣሪያው አፈሰሰ ብሎ የጣሪያ ሠሪ ይጠራል። ጣሪያው ደህና ነው። የዳክቱ ሽፋን ተቀዶ ቀዝቃዛው ቱቦ ለአቲኩ ሞቃትና እርጥብ አየር ተጋልጦ ነው። ከፍሪጅ የወጣ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ እንደሚያልበው ቱቦውም ያልበዋል፤ ላቡ ኮርኒሱ ላይ ይንጠባጠባል። ዝናብ ሳይኖር የሚሰፋ እድፍ ካያችሁ መጀመሪያ ዳክቱን እዩ።

ከመንካታችሁ በፊት

ተርሞስታቱን፣ ማለትም ግድግዳው ላይ ያለውን የሙቀት መቆጣጠሪያ፣ አጥፉ። ቀጥሎ ማሽኑ አጠገብ ያለውን ማብሪያ ማጥፊያ፣ ከዚያም ብሬከሩን አጥፉ።

አቲክ በበጋ ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊሞቅ ይችላል። ስለዚህ በማለዳ ውጡ፣ ውኃ ያዙ፣ ቤት ውስጥ ሰው መኖሩን አረጋግጡ። የምትረግጡት ወራጁን እንጨት ብቻ ነው። በእንጨቶቹ መሃል ያለው ስስ ኮርኒስ ሰው አይሸከምም፤ እግራችሁ መኝታ ቤት ውስጥ ይወጣል። ሰፊ ጣውላ በወራጆቹ ላይ አጋድሙና በእሱ ላይ ተንበርከኩ። ረጅም እጅጌ፣ ጓንት፣ መነጽርና ኤን 95 ማስክ አድርጉ። ፋይበርግላሱ ቆዳ ያሳክካል። የአይጥ ኩስ ካለ በደረቁ አትጥረጉት፤ በበረኪና ውኃ አርጥባችሁ በወረቀት አንሱት።

አሁን የምለውን በጥሞና አንብቡልኝ። ቤታችሁ ከ1980ዎቹ በፊት የተሠራ ከሆነና በዳክቱ መጋጠሚያ ላይ ነጭ ወይም ግራጫ፣ ወረቀት ወይም ጨርቅ የመሰለ ነገር ተጠቅልሎ ካያችሁ አትንኩት። አትፋቁት፣ አትቅደዱት። አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል፤ ብናኙ ሲተነፈስ ሳንባን የሚጎዳ የድሮ ማገጃ ነው። አቲኩ ወለል ላይ ጠጠር ጠጠር የሚል፣ የሚያብለጨልጭ ቡናማ ነገር ከፈሰሰም ቬርሚኩላይት የሚባለው የሙቀት ማገጃ ሊሆን ይችላል፤ እሱም አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል ውረዱ። ይሄ ፈቃድ ላለው ባለሙያ የሚተው ነው።

ዕቃው

የምትገዙት ብዙ አይደለም፦ አንድ ባልዲ ማስቲክ፣ የፋይበርግላስ መረብ፣ ሰፊ የፎይል ቴፕ፣ ርካሽ ብሩሽ፣ አጫጭር የላሜራ ቪቴ፣ ለፍሌክሱ የናይለን ማሰሪያ። ከመሣሪያ ትራፓኖ፣ የላሜራ መቀስ፣ ፒንሳ፣ ስለት ያለው ቢላዋና ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ይበቃል።

ማስቲክ ሲባል አገር ቤት ለጫማና ለምንጣፍ የምንጠቀምበት ማስቲሽ እንዳይመስላችሁ። ስማቸው ይመሳሰላል እንጂ ሌላ ነው። የዳክቱ ማስቲክ ወፈር ያለ የቀለም ሊጥ ይመስላል። አብዛኛው በውኃ የሚሟሟ ነው፤ ሲደርቅ ግን እንደ ጎማ ይተጣጠፋል፣ በቀላሉ አይሰነጠቅም።

ዳክት ቴፕ የሚባለውን ግራጫ የጨርቅ ፕላስተር ደግሞ ለዳክት አትጠቀሙ። ስሙ ነው የሚያታልለው። በ1998 ካሊፎርኒያ የሚገኘው የሎረንስ በርክሌይ ብሔራዊ ላቦራቶሪ የዳክት ማሸጊያዎችን እያሞቀና እያቀዘቀዘ ፈትኖ ነበር። በተደጋጋሚ የወደቀው ይሄው የጨርቅ ቴፕ ነው። ሙጫው በሙቀት ይደርቅና ይለቃል። እናቴ ክፍል በላይ ረግፎ ያገኘነው እሱን ነው። ቴፕ ስትገዙ ጀርባው ላይ «ዩኤል 181» የሚል ጽሑፍ መኖሩን እዩ። ለፍሌክስ የሚሆነው «181ቢ» የሚለው ነው።

ቀዳዳውን መፈለግ

ትልልቁ በዓይን ይታያል፦ የወለቀ፣ የተጨፈለቀ፣ አይጥ የበላው። አቧራም ይመሰክራል። በጥጡ ላይ ጥቁር መስመር ካያችሁ እዚያ ጋ አየር ለረጅም ጊዜ እያለፈ አቧራውን እዚያው ሲተው ነበር ማለት ነው።

ለትንንሹ ማሽኑን መልሳችሁ አብሩና ተርሞስታቱ ላይ ፋኑ ብቻ እንዲሠራ አድርጉ። ቤዝመንት፣ ማለትም ምድር ቤት ውስጥ እኔ የምጠቀመው ሰንደል ነው። ቡና ሲፈላ የምናጨሰው ቀጭኑ ሰንደል ቀጥ ያለ የጭስ ክር ያወጣል። በመጋጠሚያው ዙሪያ በዝግታ አዙሩት። ክሩ ከተገፋ ሰፕላዩ ያፈሳል፤ ወደ ቱቦው ከተጠጣ ሪተርኑ ይስባል። ዓይን ያላየው ስንጥቅ ላይ ጭሱ ድንገት ጎንበስ ሲል ታያላችሁ። የጋዝ ሽታ ካለ ግን እሳት አትጫሩ፤ ከቤት ወጥታችሁ ወደ ጋዝ ኩባንያው ደውሉ። አቲክ ውስጥም ሰንደል አይሆንም፤ ዙሪያው ሁሉ ጥጥና ደረቅ እንጨት ነው። እዚያ እጃችሁን በውኃ አርጥባችሁ ዳብሱ። እርጥብ እጅ ትንሿንም ነፋስ ያውቃታል።

ያገኛችሁትን ሁሉ በማርከር ምልክት አድርጉበት። ማሽኑን እንደገና አጥፉ።

ከየት ልጀምር?

ከማሽኑ ጀምሩ። ግፊቱ የሚበረታው ፈርነሱ ከትልቁ ዳክት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው፤ እዚያ ያለች ጣት የምታህል ስንጥቅ፣ ጥግ ክፍል አጠገብ ካለ ትልቅ ቀዳዳ ይልቅ ልታባክን ትችላለች። ከዚያ ወደ ቅርንጫፎቹ፣ በመጨረሻ ወደ ክፍሎቹ ሂዱ።

የላሜራ ዳክት

ዳክቱ በፋይበርግላስ ጥጥ ተሸፍኖ ከሆነ መጋጠሚያው ላይ ያለውን ግለጡ። የወለቀውን ቱቦ መልሳችሁ አግቡ። አየሩ የሚመጣበት ቱቦ ጫፍ በሚቀጥለው ቱቦ ውስጥ መግባት አለበት፤ ከተገለበጠ አየሩ ጠርዙን እየመታ በስንጥቁ ይወጣል። ክብ ቱቦ ከሆነ ዙሪያውን በእኩል ርቀት ቢያንስ ሦስት ቪቴ ምቱበት። ማስቲክ ማሸጊያ እንጂ መያዣ አይደለም። ቪቴ ያልተመታበት መጋጠሚያ ፋኑ በተነሳና በቆመ ቁጥር እየተንቀሳቀሰ ማስቲኩን ይቀደዋል።

ከመቀባታችሁ በፊት አቧራውንና ቅባቱን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉና አድርቁ። የድሮው ግራጫ ዳክት ቴፕ ካለ ላጡት (ከላይ ያልኩት አስቤስቶስ ሊሆን የሚችለው ከሆነ ግን አትንኩት)፤ በላዩ ላይ መቀባት በአቧራ ላይ መለሰን ነው። ከዚያ ማስቲኩን በብሩሽ ጠቅ ጠቅ እያደረጋችሁ ስንጥቁ ውስጥ አስገቡ፣ ቀጥሎ ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ጣት ያህል አስፍታችሁ ቀቡ። ውፍረቱ የአሜሪካው ባለ አምስት ሳንቲም ኒክል ያህል ይሁን፤ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ነው። ከሥሩ የቪቴው ራስና የላሜራው ጠርዝ በግልጽ የሚታዩ ከሆነ ቀጥኗል።

ስንጥቁ ከሩብ ኢንች፣ ማለትም ከ6 ሚሊ ሜትር ከሰፋ ማስቲክ ብቻውን አይችለውም። አንድ እጅ ቀቡ፣ መረቡን በላዩ ለጥፉ፣ መረቡ እስኪጠፋ ድረስ ሁለተኛ እጅ ቀቡ። ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ከሆነ ከላሜራ ቁራጭ መድፈኛ ቆርጣችሁ በቪቴ ምቱት፣ ዙሪያውን በማስቲክ ዝጉ። የላሜራ ጠርዝ እንደ ምላጭ ይቆርጣልና ጓንቱን አታውልቁ። የተጨፈለቀ ቱቦ ተመትቶ አይቃናም፤ ያንን ክፍል ቆርጣችሁ በአዲስ ቀይሩት። ዳክት በአጫጭር ቁራጭ ስለሚሸጥ ከባድ አይደለም።

ፎይል ቴፕ የምመርጠው ሊከፈት ለሚገባው ቦታ ብቻ ነው፦ ለፊልተሩ መክደኛ ዙሪያና ለፈርነሱ በር። እዚያ ማስቲክ ከቀባችሁ ቴክኒሻኑ ሲመጣ መስበር ይኖርበታል። ቴፑን ከለጠፋችሁ በኋላ በአሮጌ የባንክ ካርድ ጠርዝ ተጫኑት፤ ሳይጫኑት ይለቃል።

ፍሌክስ

የውጩ ሽፋን ብቻ ከተቀደደ በ«181ቢ» ቴፕ ለጥፉትና እለፉ። የውስጡ ቱቦ ከተቀደደ ወይም አይጥ ገብቶበት ከነበረ ግን ያንን ቁራጭ ጣሉት። የሰው ልጅ የሚተነፍሰው አየር በዚያ ውስጥ ነው የሚያልፈው።

ሁለት ጫፍ ለማገናኘት አራት ኢንች ያህል ርዝመት ያለው የላሜራ ቀለበት ያስፈልጋል። ሥራው እንዲህ ነው። የውጩን ሽፋንና ጥጡን ወደ ኋላ ሰብስቡ፣ እጅጌ እንደሚጠቀለለው። የውስጡን ቱቦ በቢላዋ፣ ሽቦውን በፒንሳ ቁረጡ። ቀለበቱን ዙሪያውን ማስቲክ ቀቡና ቱቦውን በላዩ ጎትቱት፤ ቢያንስ አንድ ኢንች መግባት አለበት፣ ሁለት ቢሆን ይሻላል። የናይለን ማሰሪያውን በፒንሳ ስባችሁ አጥብቁ። እጃችሁ ብቻ አያጠብቀውም፤ እናቴ ክፍል በላይ በወለቀው ዳክት ላይም ማሰሪያው ላልቶ ነበር። ከዚያ ጥጡን በላዩ መልሱ፣ ሽፋኑን ጎትቱ፣ እሱንም በሌላ ማሰሪያ አስራችሁ ዙሪያውን በቴፕ ዝጉ። ጥጡ የትም ቦታ ራቁቱን እንዳይቀር። ራቁቱን የቀረበት ቦታ ነው በበጋ የሚያልበው።

ፍሌክስ ሳይቀደድም ይጎዳል። እንደ ተረሳ የአትክልት ጎማ የተጣመመና ወገቡ የታጠፈ ሁሉ አየር አያሳልፍም። ሙሉ በሙሉ ወጥሩት፣ የተረፈውን ቁረጡ። በየአራት ጫማው ሰፊ ማንጠልጠያ ይኑረው፤ ስፋቱ ከአንድ ኢንች ተኩል አይነስ። ቀጭን ሽቦ ወይም ገመድ ወገቡን ያንቀዋል። በሁለት ማንጠልጠያ መሃል ሲረግብ በአንድ ጫማ ከግማሽ ኢንች በላይ መውረድ የለበትም።

ክፍሉ ውስጥ ያለው አፍ

ይህ ቀላሉ ሥራ ነው፤ ወደ አቲክ መውጣት ለማትፈልጉም ይሆናል። የአየር መውጫውን ወንፊት በሁለት ቪቴ ታወልቁታላችሁ። ከሥሩ የላሜራው ሳጥን ከኮርኒሱ ወይም ከወለሉ ጋር ሲገናኝ ብዙ ጊዜ ክፍተት አለ። በሲልከን ዝጉት፣ ሰፊ ከሆነ በመረብና በማስቲክ። ወንፊቱን መልሱ።

የማትጠቀሙበትን ክፍል ወንፊት መዝጋት ቢል አይቀንስም። ግፊቱ ይጨምርና አየሩ በየስንጥቁ ይወጣል።

የማይነካ ነገር

የፈርነሱና የውኃ ማሞቂያው ጭስ ማውጫ ዳክት አይደለም። ማስቲክም ቴፕም አይደረግበትም፤ ችግር ካየ ሰው ባለሙያ ይጥራ። ለማሽኑ አየር የሚያስገቡ ቀዳዳዎችንም እንዳትደፍኑ። አሮጌ ቤት ቤዝመንት ውስጥ ደግሞ በሁለት ወራጅ እንጨት መሃል ላሜራ ተመትቶ እንደ ሪተርን የሚያገለግልበት አሠራር አለ። ጠርዙን በማስቲክ ማሸግ ይቻላል። ብዙ ያፈሳል፣ ትዕግሥትም ይጠይቃል፣ ግን ለእኛ ቤት አቧራ ትልቁ መፍትሔ እሱ ነበር።

ግድግዳ ውስጥ የተቀበረውን ዳክት በእጅ አትደርሱበትም። ለእሱ ኤሮሲል የሚባል አሠራር አለ፤ በ1990ዎቹ በዚያው በበርክሌይ ላቦራቶሪ የተፈጠረ ነው። ደቃቅ ሙጫ በአየር ተነፍቶ በቱቦው ውስጥ ይሄድና በየስንጥቁ ጠርዝ እየተጠራቀመ ይዘጋዋል። ወልቆ ለተጋደመ ቱቦ ግን አይሠራም፤ መጀመሪያ መግጠም ግድ ነው። ኮንትራክተር ካስገባችሁ ሥራው ሳይጀመርና ካለቀ በኋላ ዳክቱን በግፊት እንዲለካላችሁ ጠይቁ። መለኪያው የሚሠራው በ25 ፓስካል ግፊት ነው። ሁለቱንም ቁጥር በጽሑፍ ተቀበሉ።

አቅም ላነሰው ቤተሰብ ከ1976 ጀምሮ የሚሠራ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የዌዘራይዜሽን፣ ማለትም ቤትን ከብርድና ከሙቀት የመከላከል፣ ፕሮግራም አለ። ገቢያቸው ለተወሰነ ሰዎች ቤት እንዲህ ያለውን ጥገና በነፃ ይሠራል። ማመልከቻው በየስቴቱ ነው። ተከራይ ከሆናችሁ ፎቶ አንሱና ለአከራዩ በጽሑፍ አሳውቁ።

ጥጡን መመለስና መፈተሽ

ማስቲኩ እስኪደርቅ ጠብቁ። እንደ አየሩ እርጥበት ጥቂት ሰዓትም፣ አንድ ቀንና ከዚያ በላይም ሊፈጅ ይችላል፤ ባልዲው ላይ የተጻፈውን ተከተሉ። ከዚያ ነው ጥጡ የሚመለሰው። አቲክ ውስጥ ላለ ሰፕላይ አር 8 የሚል ደረጃ ያለውን ምረጡ (አር ሙቀትን የመከላከል አቅሙ መለኪያ ነው)፣ ብርማው ፊት ወደ ውጭ ይሁን፣ ስፌቱ በፎይል ቴፕ ይዘጋ። ጥጡን አጥብቃችሁ አትሰሩት፤ ሲጨፈለቅ ሙቀት መያዙ ይቀንሳል።

ፊልተሩን ቀይሩና ቀኑን ጠርዙ ላይ ጻፉበት። ብሬከሩን መልሱ፣ ማሽኑን አብሩ፣ የካርቦን ሞኖክሳይዱን ጠቋሚ ቁልፉን ተጭናችሁ ፈትኑ። ቤታችሁ ውስጥ በጋዝ የሚሠራ ማሞቂያ ካለ፣ ብዙ ቀዳዳ ከዘጋችሁ በኋላ የቤቱ ግፊት ስለሚለወጥ ጭሱ በትክክል እየወጣ መሆኑን ባለሙያ ያይላችሁ።

እናቴ ክፍል ቴርሞሜትር አስቀምጬ ነበር። ከጥገናው በፊት 61 ፋራናይት፣ ወደ 16 ሴንቲግሬድ ነበር። በማግሥቱ ጠዋት 69 ፋራናይት፣ ወደ 21 ሴንቲግሬድ ሆነ። ፈርነሱ ያው የድሮው ነው።

ከሳምንት በኋላ አንዴ ተመልሳችሁ ውጡ። ማስቲኩን በጣታችሁ ተጫኑት፣ በተለይ ማሽኑ አጠገብ ያለውን። የተሰነጠቀ ካገኛችሁ መረብ አድርጋችሁ ሁለተኛ እጅ ቀቡት።